የአቶ አንጁሎ ምርኩዝ

እስቲ ስሙኝ፤ ያመለጠው ካለ ከጎኑ ያለውን ይጠይቅ።

አቶ አንጁሎ የሚባሉ ሽማግሌ ጉልበታቸው ከከዳቸው ሦስት ወር ሆናቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተው ይውላሉ። ባለቤታቸው እማማ ታደለች አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ፤ ምርኩዝ።

«ከጓሯችን ባሕር ዛፍ ልቁረጥልህ?»

«ተራራው ላይ በእጄ ከተከልኩት ወይራ ካልሆነ አልነሳም።»

«አንተ ግትር!» አሉና ወጡ።

ተራራው ላይ የደኑ ጥበቃ አገኛቸው። «እማማ፣ ሊቀመንበሩ ካልፈረሙ ቅጠልም አላስቆርጥም።»

ደኑን ወደሚያስተዳድረው ማኅበር ሊቀመንበር ሄዱ። አቶ አንጁሎ አልነሳ አሉ፣ ጥበቃው አላስቆርጥ አለ። ሊቀመንበሩም፣ «ዛፉ ሁሉ መዝገብ ላይ ነው፤ ዛፍ ለኪው ካልሰረዘው አልፈርምም» አሉ።

ወደ ለኪው ሄዱ። አቶ አንጁሎ አልነሳ አሉ፣ ጥበቃው አላስቆርጥ አለ፣ ሊቀመንበሩ አልፈርም አሉ። ለኪው የዛፍ ውፍረት የሚለካበትን ሜትር እየጠቀለለ፣ «ያሻሻጠን ደላላ ካልፈቀደ አልሰርዝም። ዛፉ የእኛ ነው፤ የሚስበው አየር ግን ተሽጧል» አለ።

«አየር?»

«አዎ እማማ። ባሕር ማዶ አንድ ሲሚንቶ ፋብሪካ ያጨሳል፣ እየከፈለን የእኛ ደን ጭሱን ይውጥለታል። እዚህ ዛፍ ከጎደለ እዚያ የሚፈቀድለት ጭስ ይጎድላል።»

«ታዲያ ቢጎድልስ?»

ለኪው አሰበ። «እሱን እንኳ አልተማርኩም።»

ለደላላው ተደወለ። አቶ አንጁሎ አልነሳ፣ ጥበቃው አላስቆርጥ፣ ሊቀመንበሩ አልፈርም፣ ለኪው አልሰርዝ አሉ። ደላላውም፣ «ባለፋብሪካው ካልተስማማ አልፈቅድም» አለ።

ለባለፋብሪካው ተደወለ። አቶ አንጁሎ አልነሳ፣ ጥበቃው አላስቆርጥ፣ ሊቀመንበሩ አልፈርም፣ ለኪው አልሰርዝ፣ ደላላው አልፈቅድ አሉ። ባለፋብሪካውም፣ «የጭስ ተቆጣጣሪዋ እሺ ካላለች አልስማማም» አለ።

ለተቆጣጣሪዋ ተደወለ። አቶ አንጁሎ አልነሳ፣ ጥበቃው አላስቆርጥ፣ ሊቀመንበሩ አልፈርም፣ ለኪው አልሰርዝ፣ ደላላው አልፈቅድ፣ ባለፋብሪካው አልስማማ አሉ። ተቆጣጣሪዋም፣ «ቆይ፣ ደኑ ራሱ አለ? ወረቀት ላይ የበቀለ ደን ብዙ አይቻለሁ። የተከሉት ሰው ሥሩ ቆመው በስልክ ካላሳዩኝ አላምንም፤ የፋብሪካውንም የጭስ ፈቃድ እሰርዛለሁ» አለች።

«የተከሉትማ ምርኩዝ የላቸውም!» ብለው ጮኹ እማማ ታደለች።

ይሄኔ ባለፋብሪካው ደንግጦ ተስማማ፤ ደላላው ፈቀደ፤ ለኪው ሰረዘ፤ ሊቀመንበሩ ፈረሙ፤ ጥበቃው ራሱ ቆርጦ፣ ልጦ፣ አለስልሶ አመጣ፤ አቶ አንጁሎም ተነሡ።

ተራራው ላይ ስልክ ተቀሰረባቸው። እሳቸው ግን አንዱን ወይራ እየዳሰሱ፣ «ታደለች፣ ይኼን እኮ በበጋው ውሃ ተሸክመሽ ያዳንሽው አንቺ ነሽ» አሉ። ተቆጣጣሪዋ አመነች። ጭሱም ያለ ሥጋት መውጣቱን ቀጠለ።

ቁልቁል ሲወርዱ ምርኩዙ በግራ እጃቸው፣ የሚስታቸው እጅ በቀኛቸው ነበር።

«ምርኩዝህን ይዘህ የለ? በል እጄን ልቀቅ፣ ሰው ያየናል!»

አቶ አንጁሎ ግን አልለቅ አሉ።