ሁለተኛው ሙስማር

አንድ አናጢ ነበረ። «የሚሳሳት የሥራ ባልደረባዬን ሳላስከፋው እንዴት ልንገረው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል፤ እርሱ ይመልስልሽ።

ይህ አናጢ ፎቅ ለሚሠሩ ሰዎች የእንጨት መወጣጫ ያቆም ነበር። በሥሩ ባዩ የሚባል ሠራተኛ ነበረው። ፈጣን። ጨዋታ አዋቂ። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፦ ሰው የሚቆምበትን አግዳሚ በአንድ ሙስማር መትቶ ያልፋል፤ ከሥሩ መደገፊያ አያደርግም።

አናጢው አየ። ሊናገር አፉን ከፈተ። ባዩ ግን እየሳቀ ነበር፤ አናጢውን ይሉኝታ ያዘው። ሁሉም ለምሳ ሲሄዱ ብቻውን ወጣና መደገፊያውን አደረገ፤ ሁለተኛውን ሙስማር መታ። በማግስቱም። ሦስት ዓመት ሙሉ።

ግንበኞቹ «ባዩ የመታው ነው? እንግዲያው ዝሆን ጫኑበት!» ይሉ ነበር።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ባዩ አልመጣም።

«አልሰሙም እንዴ ጋሼ? የራሱን ሥራ ይዟል። ባለ አምስት ፎቅ። ዛሬ ሰው ያወጣበታል» አለው አንዱ ግንበኛ።

አናጢው ታክሲ ያዘ። መንገዱ ተጨናንቆ ታክሲው ቆመ፤ ወርዶ ሮጠ። በየመንገዱ ያለውን መወጣጫ ቀና ብሎ ያያል፤ ሁሉም የሚወዛወዝ መሰለው። ሲደርስ ሲሚንቶ የተሸከሙ ሰዎች መውጣት ጀምረዋል።

«አውርዳቸው!» ብሎ ባዩ ላይ ጮኸ።

ወረዱ። ባዩን ለብቻው ወስዶ እጁን አግዳሚው ላይ አስቀመጠለት።

«ነቅንቀው።»

ነቀነቀው። እንጨቱ ዞረ።

«አመታትህ ጥሩ ነው። አንድ ሙስማር ግን ሰው አይሸከምም። ይህን ቁራጭ ከሥሩ አድርግ፤ ሁለተኛውን እዚህ ጋ ምታ። አጠገብህ ነኝ።»

ባዩ መታ።

«ይህን ጉድለቴን መቼ ነው ያዩት ጋሼ?»

«የመጀመሪያ ቀን።»

ባዩ ታች የቆሙትን ሰዎች አያቸው። «ምን በድዬዎት ነው ሦስት ዓመት ዝም ያሉኝ?»

አናጢው ቀጣዩን ሙስማር አቀበለው።

አየሽ ልጄ፣ አንቺም የባልደረባሽን ሪፖርት በየሳምንቱ ሳትነግሪው እያረምሽ ትልኪያለሽ። ደግነት ይመስልሻል። ሁለተኛውን ሙስማር እየመታሽለት ነው። አጠገቡ ተቀመጪ። ሰውየውን አትንቀፊ፤ ሥራውን አሳዪው፤ በገዛ እጁ ያስተካክለው። ይከፋው ይሆናል። ይክፋው። ሰኞ ኃላፊ ሆኖ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ እንደሚሄድ ነግረሽኛል።

ዛሬ ሐሙስ ነው።