መቀመጫውን ተሸክሞ የሄደው ደጋፊ

ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ፤ ጆሮ የሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ። የምነግራችሁ ነገር የሆነው በጥንት ዘመን ነው፤ እንስሳት እንደኛ ሲያወሩ፣ እንደኛ ሲከራከሩ፣ ቡድናቸው ሲሸነፍም እንደኛ እራት አልበላ ሲላቸው።

በዚያ ዘመን በአንድ ሸለቆ መሃል አንድ ትልቅ ግራር ነበር። ከግራሩ ቅርንጫፍ ላይ ቅርጫት ተሰቅሏል። ክረምቱ አልፎ ጭቃው ሲደርቅ የሸለቆው እንስሳት ከየአካባቢው ቡድን ጋር ቅርጫት ኳስ ይገጥማሉ። ከቅርጫቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያስገባ ያሸንፋል፤ ነገሩ ይኸው ነው፣ ቀላል ነው። ግራሮቹ ለሚባለው ለዚያ ሸለቆ ቡድን ግን ቀላል ሆኖ አያውቅም።

የግራሮቹ ደጋፊዎች አንድ ወግ ነበራቸው። እያንዳንዱ ደጋፊ ከግራሩ ሥር የራሱ መቀመጫ ድንጋይ አለው። ድንጋዩም ቦታውም ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ቡድኑን ትቻለሁ ያለ ደጋፊ ድንጋዩን ተሸክሞ ይሄዳል። ታዲያ የሚቀጥለው ጨዋታ ኳስ ወደ ላይ እስክትወረወር ካልተመለሰ፣ ቦታው ቀድሞ ድንጋዩን ላስቀመጠ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ይግባኝ የለም።

ከደጋፊዎቹ ሁሉ ጩኸቱ የሚብሰው አያ ከርከሮ ነበር። ቦታው ከፊት፣ ከቅርጫቱ ትይዩ ነው። አባቱ እዚያ ተቀምጧል፤ አያቱም እዚያ ተቀምጧል። ከርከሮ በዚህ ዓለም የሚኮራበት ነገር ቢኖር ያ ቦታ ነበር። በመልኩማ እንዳይኮራ፣ መልኩን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ያን ዓመት ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናብ ሲያባራ ከርከሮ ከጉድጓዱ ብቅ ይልና ይጮኻል።

«ዘንድሮ የኛ ነው! የጎደለን ረጅም ተጫዋች ብቻ ነው! ቀጭኔ ይምጣልን!»

ጥንቸል ሰማችና «ቀጭኔ ይምጣልን!» አለች። ጃርት ሰማና «ቀጭኔ ይምጣልን!» አለ። አገሩ ሁሉ ቀጭኔ፣ ቀጭኔ አለ። የሸለቆው ዳኛ እማማ ኤሊ ብቻ ቀስ ብለው አንገታቸውን ከቅርፊታቸው አወጡ።

«ልጆቼ፣ ለመሆኑ ቀጭኔ የሚበላው ምን እንደሆነ ጠይቃችኋል?»

«እማማ፣ የፈለገውን ይብላ፤ እኛ ምን አገባን!» አለ ከርከሮ። እማማ ኤሊም አንገታቸውን መልሰው አስገቡ።

ቀጭኔ ከሩቅ ቆላ ድረስ ተለምኖ መጣ። የመጀመሪያው ጨዋታ ደረሰ፤ ተጋጣሚዎቹ የገደሉ ጦጣዎች ናቸው። ጨዋታውን የሚከፍተው በዓመቱ የመጣው አዲስ ተጫዋች ነውና፣ ቀጭኔ ኳሷን በአፉ ይዞ ወደ ላይ ወረወራት። ደጋፊው አበደ። ግራሮቹ ሲያስገቡ ጦጣዎቹ ያስገባሉ፤ ጦጣዎቹ ሲያስገቡ ግራሮቹ ያስገባሉ። ፀሐይዋ ከኮረብታው ስትደርስ ጨዋታው ያበቃል፤ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ሚዳቋ ኳሷን ለቀጭኔ አቀበለው።

ቀጭኔ አንገቱን ቀና አደረገ። ቅርጫቱ ከአፉ ሥር ነው። መልቀቅ ብቻ ነው የቀረው።

«አስገባ!» አለ ከርከሮ። «አስገባ!» አለ ሸለቆው ሁሉ።

ለካስ ከቅርጫቱ አጠገብ ግራሩ ለጋ ቅጠል አውጥቷል፤ ክረምት ያጠገበው፣ ለምለም ቅጠል። ቀጭኔ ሸተተው። አንድ ጊዜ ቅርጫቱን አየ፤ አንድ ጊዜ ቅጠሉን አየ። ከዚያ አፉን ከፈተና ቅጠሉን ቀጨም አደረገ። ኳሷ ወደቀች። ጦጣ ለቀም አደረጋት፣ ሮጠ፣ አስገባ። ፀሐይዋም ጠለቀች።

አቤት የዚያን ቀን የነበረው ቁጣ! ደጋፊው ሁሉ ጥፋተኛ ፍለጋ ተነሳ።

መጀመሪያ ኳሷን ያዟት። «አንቺ ነሽ! ለምን ወደቅሽ?»

«እኔ ክብ ነኝ» አለች ኳሷ። «ሲለቁኝ እወድቃለሁ። ሌላ ሙያ የለኝም።»

ቀጥለው ቅርጫቱን ያዙት። «አንተስ? ትንሽ ዝቅ ብትልለት ምን ነበረበት?»

«ለእናንተ ዝቅ ካልኩ ለጦጣዎቹም ዝቅ ማለቴ ነው» አለ ቅርጫቱ። «እኔ ቀኑን ሙሉ አፌን ከፍቼ ስጠብቅ ውያለሁ። መንጋጋዬን አሞኛል፤ ተዉኝ።»

በሦስተኛው ቀጭኔን ከበቡት። ከርከሮ ከፊት ቆመ።

«እኛ ተጫዋች አምጡልን አልን እንጂ ፍየል አምጡልን አላልንም!» ብሎ ጮኸበት።

ቀጭኔ አንገቱን ደፋ። ያን የሚያህል አንገት ሲደፋ ማየት አንጀት ይበላል። ክረምቱን ሙሉ ቀጭኔ ይምጣልን ብሎ የጮኸው ማን እንደነበር ግን ያነሳ የለም። ከርከሮም ትዝ አላለውም።

«በቃኝ!» አለ ከርከሮ። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ግራር ሥር እግሬ ቢረግጥ ከርከሮ አትበሉኝ!» ድንጋዩን በክራንቻው ፈንቅሎ ጀርባው ላይ ጫነ።

«ተው ልጄ፣ ንዴትህ ይብረድ» አሉ እማማ ኤሊ። «ቦታህን ታጣለህ።»

«ይውሰደው የፈለገ!»

ይህን ሲል ከኋላ አያ ጅቦ ፈገግ አለ። ጅብ ማንም ይሁን ያሸነፈውን ሁሉ የሚደግፍ፣ ከፊት ለመቀመጥ ዘመኑን ሙሉ ሲመኝ የኖረ ነው፤ አጠገቤ ይቀመጥ የሚለው ግን አላገኘም። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ፣ አያ ከርከሮ!» አለና የራሱን ድንጋይ ወደ ፊት ጠጋ አደረገ።

ከርከሮ ድንጋዩን ተሸክሞ መንገድ ጀመረ። ጥቂት እንደሄደ ድንጋዩ ከጀርባው ላይ ተናገረ።

«ወዴት ነው የምንሄደው፣ ልጄ?»

«ሌላ ቡድን ፍለጋ።»

«አባትህም እንዲህ ብሎ ተሸክሞኝ ነበር።»

ከርከሮ ቀጥ አለ። «አባቴ?»

«እስከ ወንዙ ድረስ። አያትህ ደግሞ እስከ ኮረብታው። ይኸ ጠርዜ በምን የተሸረፈ ይመስልሃል?»

«ዝም ይበሉ፣ አባባ! እኔ እንደነሱ አይደለሁም። እኔ አልመለስም።»

«እሺ» አለ ድንጋዩ። እሺ ይበል እንጂ አልቀለለም።

መጀመሪያ የደረሱት ጦጣዎቹ ገደል ነው። ጦጣዎቹ ያሸንፋሉ፤ ደጋፊዎቻቸው ሾላ እየበሉ፣ ሌላ ወሬ እያወሩ ተቀምጠዋል። ከርከሮ ድንጋዩን አስቀመጠና ቁጭ አለ። ኳሷ ስትገባ ብድግ ብሎ «ገባች!» ብሎ ጮኸ።

አጠገቡ ያለችው ጦጣ ሾላዋን ከአፏ አወጣች። «ምነው ደነገጥክ? ላትገባ ነበር እንዴ?»

ከርከሮ ተመልሶ ተቀመጠ። ኳሷ ደጋግማ ገባች፤ ማንም ቀና ብሎ አላየም። ጥቂት ቆየና ድንጋዩን አነሳ።

ቀጥለው የደረሱት ከቆቆች ሜዳ ነው። ቆቆች ጨዋዎች ናቸው። የነሱ ቡድን ሲያስገባ ክንፋቸውን ቀስ አድርገው ያጨበጭባሉ፤ ተጋጣሚው ሲያስገባም ቀስ አድርገው ያጨበጭባሉ። አንዱ ተጫዋች ኳስ አመለጠችው። ከርከሮ አላስቻለውም።

«ያዛት እንጂ! ምን አፍጥጠህ ታያለህ!»

ቆቆቹ ሁሉ ዞረው አዩት። እመት ቆቅ ቀረብ ብለው «ወንድሜ» አሉት በለሆሳስ፣ «ልጁ ይከፋዋል። እዚህ መጮኽ ነውር ነው።»

«ታዲያ ስትሸነፉ እንዴት ትናደዳላችሁ?»

«እኛ? አንናደድም።»

ከርከሮ ጩኸቱን ዋጠ። ድንጋዩን አነሳ።

በሦስተኛው አያ አንበሶ ከሚጫወቱበት ሜዳ ደረሱ። እዚያስ ሽንፈት የሚባል ነገር የለም። አያ አንበሶ ኳሷን ይዘው ሲመጡ ተጋጣሚው መንገድ ይለቃል፤ ቅርጫቱም ራሱ ወርዶ ከፊታቸው ይቀመጣል። «ይኸ ነው ቡድን!» አለ ከርከሮ፤ ተደላድሎም ተቀመጠ። ልቡ አረፈች፤ ልቡ ከማረፏ የተነሳም እንቅልፍ ሸለብ አደረገው።

በዚህ መሃል ከጎኑ ያለው ቀበሮ ወሬ ጀመረ። «የግራሮቹን ጉድ ሰምታችኋል? ረጅም ተጫዋች ብለው ከቆላ ያመጡት ቀጭኔ ኳሷን ጥሎ ቅጠል በላ አሉ! ዛሬ ደግሞ ከድኩላዎች ጋር ነው ጨዋታቸው፤ ዛሬስ ግንዱን ይበላላቸዋል!»

ሜዳው በሳቅ ተንጫጫ። ከርከሮም አብሮ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ሳቁ ግን አልወጣ አለ። በሳቁ ፋንታ የጀርባው ፀጉር ቆመ።

«ምን ያስቃል?» ብሎ ብድግ አለ። «ከቆላ ድረስ በእግሩ መጥቶ ነው! ያን ቀን ቁርስ በልተሃል ወይ ብሎ የጠየቀው የለም! የራበው እንስሳ ቅጠል ቢቀምስ ይኸ ሁሉ ሳቅ ለምንድን ነው?»

ቀበሮ ከእግር እስከ ራሱ አየው። «አንተ ግን የማን ደጋፊ ነህ?»

ከርከሮን ቡድኑ ናፈቀው፤ ያ የሚሸነፈው፣ የሚያናድደው፣ እንቅልፍ የሚነሳው ቡድን ናፈቀው። «የግራሮቹ» አለ፣ ድምፁ አንሶ።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«እኔም ይህንኑ ልጠይቀው ነበር» አለ ድንጋዩ።

ያን ጊዜ ከርከሮን ድንጋጤ ያዘው። ዛሬ ጨዋታ አለ! የአባቱ ቦታ! የአያቱ ቦታ! ለጅብ! ድንጋዩን ጀርባው ላይ ወርውሮ ሩጫ ጀመረ። በቆቆች ሜዳ ሲያልፍ አላረፈም፤ በጦጣዎቹ ገደል ሲያልፍም አላረፈም። ኮረብታውን ሲወጣ ትንፋሹ ተቆረጠ፤ ድንጋዩ ግን «በርታ፣ ልጄ፣ በርታ!» ይለው ነበር።

ከኮረብታው አናት ሆኖ ቁልቁል አየ። ደጋፊው ሁሉ ተሰብስቧል። ቀጭኔ ከሜዳው መሃል ኳሷን በአፉ ይዞ፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ቆሟል። ጅብ ከከርከሮ ቦታ ዳር ድንጋዩን አንስቶ፣ ኳሷ እስክትነሳ ለሃጩን እያዝረበረበ ይጠብቃል። ጩኸቱ እስከ ኮረብታው ይሰማል።

«ወርውር እንጂ! ምን ትጠብቃለህ? ደግሞ ራበህ እንዴ?»

ቀጭኔ አልወረወረም። ሰደቡት፤ አልወረወረም። አፏጩበት፤ አልወረወረም።

ከርከሮ ቁልቁል ወረደ፣ በጃርት አጠገብ አለፈ፣ ጥንቸልን ዘለላት፣ ድንጋዩን ጓ! አድርጎ ከቦታው ላይ ጣለው። አቧራው ጨሰ። ቀጭኔም ኳሷን ወደ ላይ ወረወራት።

«ዘግይቷል!» አለ ጅብ። «እማማ ኤሊ፣ ይፍረዱልኝ!»

«ኳሷ ስትነሳ ድንጋዩ ከቦታው ነበር» አሉ እማማ ኤሊ። «እኔ ቀርፋፋ ነኝ እንጂ ዕውር አይደለሁም።» ጅብ ድንጋዩን እየጎተተ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ለዕረፍት ሲወጡ ከርከሮ ወደ ቀጭኔ ጠጋ አለ። አቀርቅሮ ነው የጠጋው።

«ይኸን ሁሉ ሲሰድቡህ ለምን አልወረወርካትም?»

«ከኮረብታው ማዶ ስትሮጥ አየሁህ» አለ ቀጭኔ። «ይኸ አንገት ቅጠል ለመብላት ብቻ አይደለም።»

«ፍየል ብዬህ ነበር እኮ።»

«ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ከፍ ያለ ቦታ ቢሆንም ያንተ ድምፅ ይደርሳል።»

ከርከሮ አፈረ። ወደ ድንጋዩም ተመልሶ ቁጭ አለ።

ያን ቀን አሸነፉ ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ተሸነፉ። ደግሞ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል፣ ደግሞ በዚያው ቅጠል። ሁሉም ዞሮ ከርከሮን አየ፤ ጅብም ቶሎ ብሎ ድንጋዩን አነሳ። ከርከሮ ብድግ አለና የግራሩ ቅጠል እስኪራገፍ ድረስ ጮኸ፤ የቆቆች ሜዳ ላይ የታፈነው ጩኸት ሁሉ ወጣለት። ጮኾ ሲያበቃ ላቡን ጠረገ፣ ቁጭ አለ፣ ደስ አለው።

የሦስተኛው ጨዋታ ዕለት ጠዋት፣ ሌሎቹ ሳይነሱ ከርከሮ ከኮረብታው ወጥቶ ለጋ የግራር ቅጠል ሲለቅም አረፈደ። እሾሁ አፍንጫውን ወጋጋው። የሸክሙን ያህል አምጥቶ ከቀጭኔ ፊት ዘረገፈው።

«ብላ!» አለ በቁጣ። «አሁኑኑ ብላ! ጠግበህ ግባ! ዛሬ በጨዋታ መሃል ወደ ቅጠል ቀና ስትል ባይህ፣ ወዮልህ!»

ቀጭኔ በላ። ከርከሮም የተወጋ አፍንጫውን እየላሰ፣ እያጉረመረመ፣ በልቶ እስኪጨርስ ከጎኑ ቆሞ ጠበቀው።

እኔ ተረቴን ጨርሻለሁ፤ እናንተም ይህን ያዙልኝ፦ ቡድኑ ሲሸነፍ የሚቆጣውን ሰው አትፍሩት፤ በማግስቱ ለተጫዋቹ ቁርስ ይዞ የሚመጣው እሱ ነው።