ለፈተና የታወቀው ሕመም

አንድ የወረዳ ከተማ ትምህርት ቤት ውስጥ ሲስተር ስንዱ የምትባል ነርስ ነበረች። ክፍሏ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጎን ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ የመድኃኒት ቁም ሣጥንና አንድ ጠረጴዛ አላት። ወድቆ ጉልበቱ የተላጠ፣ ሆዱን የቆረጠው፣ ነስር ያስቸገረው ተማሪ ሁሉ ወደ እሷ ይላካል። ቁስል ስታጥብ እያጫወተች ስለሆነ ልጆቹ ይወዷታል። አንዳንዱማ ሳያመው ሰበብ ፈልጎ ይመጣ ነበር።

ስንዱ የሦስት ልጆች እናት ናት። ኑሮው በየዓመቱ ሽቅብ ሲወጣ የእሷ ደመወዝ ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። ከእሷ ኋላ የተቀጠሩ ሰዎች ሁለተኛ ዲግሪ እየያዙ እርከን ሲዘሉ ታያለች። አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ አቶ ደርበው በመስኮት ብቅ አሉና፣

«ስንዱ፣ አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ? ማስተርስሽን ያዢ እንጂ!» አሏት። «ወረቀቱን ስታመጪ እርከንሽ ይስተካከላል። ምን እንደተማርሽ የሚጠይቅሽ የለም።»

ምክሩ ልክ ነበር። ስንዱ በአጎራባቹ ትልቅ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሕብረተሰብ ጤና ተመዘገበችና ቅዳሜና እሁድ መማር ጀመረች።

ትምህርቱ ካሰበችው በላይ ከበዳት። ቤቷ ገብታ እንዳታነብ ልጆቿ ፋታ አይሰጧትም። ስለዚህ ክሊኒኩን ማንበቢያ አደረገችው። በሩ ገርበብ ማለት ጀመረ። ራሱን ያመመውን «ውኃ ጠጣና ጋደም በል» ትለዋለች፤ ሆዷን ያመማትን «በዕረፍት ሰዓት ተመለሺ» ትላታለች። ክፋት አልነበረባትም። እጇ እንደ ድሮው ቁስል ያጥባል፤ ዓይኗ ግን ወረቀቱ ላይ ነው። ልጆች ደግሞ ማን እንደሚያያቸውና ማን እንደማያያቸው ለማወቅ ጊዜ አይፈጅባቸውም። ቀስ በቀስ መምጣታቸውን ተዉ። ስንዱም «ዘንድሮስ ጤነኞች ናቸው» ብላ ደስ አላት። የማንበቢያ ጊዜ ተረፋታ!

መምጣት ካልተዉት አንዷ ውብአንቺ ነበረች። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ እናቷ ወይዘሮ ዝማም ገበያ ውስጥ ሽንኩርትና ቲማቲም ትቸረችራለች። ውብአንቺ መጀመሪያ የመጣችው ጉሮሮዋን አሟት ነው። ስንዱ የሕመም ማስታገሻ ሰጠቻትና ሸኘቻት። ከሳምንታት በኋላ እያነከሰች መጣች። ቀጥሎ ደግሞ ክርኗን በሌላ እጇ ደግፋ መጣች።

«ሲስተር፣ ባለፈው ጉልበቴ ነበር፤ እሱ ተወኝና አሁን ክርኔን ያዘኝ» አለች።

ስንዱ ከመጽሐፉ ቀና ሳትል «ዕድሜሽ ስንት ነው?» አለቻት።

«አሥራ ሁለት።»

«በቃ እድገት ነው። አጥንትሽ እየረዘመ ነው» ብላ ክኒኑን ዘረጋችላት።

ልጅቷ ተቀብላ ቆመች።

«ሌላ ነገር አለ?»

«ዳገት ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል።»

«ቁርስ ሳትበዪ አትምጪ» አለቻት ስንዱ፤ ገጹንም ገለጠች። ልጅቷ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

ብዙም ሳይቆይ የዩኒቨርሲቲው ፈተና ደረሰ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ስለ አንድ ልጅ ነበር፦ ጉሮሮውን አሞት ነበር፤ ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያዎቹን እየተዘዋወረ ያመው ጀመር፤ አሁን ትንፋሽ ያጥረዋል። ምን ትጠረጥራላችሁ? ምንስ ታደርጋላችሁ? ስንዱ ጥያቄውን ስታይ ደስ አላት፤ አጥንታዋለች። በጊዜው ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም በመገጣጠሚያ በኩል አልፎ ልብ ላይ እንደሚያርፍ፣ እንዲህ ያለ ልጅ አንድ ቀን እንኳ ሳያድር ሐኪም ዘንድ መድረስ እንዳለበት፣ አንዲት ፍሬ ሐሳብ ሳታስቀር ጻፈች።

ውጤት የተነገረው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። መምህሩ ዶክተር ንጋቱ ሸምገል ያሉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። የስንዱን መልስ ለክፍሉ አነበቡት።

«ከዚህ የተሻለ መልስ አላየሁም» አሉ። ከዚያም ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺ የምትሠሪው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ልጅ አጋጥሞሽ ያውቃል?»

ስንዱ «አላጋጠመኝም» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ከመውጣቱ በፊት ክርኗን ደግፋ የቆመችው ልጅ ፊቷ ላይ ድቅን አለች። ስንዱ ልጅቷን በእውነት ያየቻት ገና አሁን ነው ማለት ይቻላል። ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ከሹራቧ አንገት በላይ ከትንፋሿ ጋር ሽቅብ ቁልቁል የሚል ጅማት ነበረ። ዓይኗ ያኔም አይቶት ኖሯል፤ እሷ ግን አላየችውም።

«አጋጥሞኛል» አለች።

«ምን አደረግሽ ታዲያ?»

«የሕመም ማስታገሻ ሰጥቼ ማንበቤን ቀጠልኩ።»

የቀለደች የመሰላቸው ተማሪዎች ሳቁ። ሳቁ ቶሎ ቆመ።

«ልጅቷ አሁን የት ናት?» አሉ ዶክተር ንጋቱ።

«አላውቅም፣ ዶክተር።»

«እንግዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ስንዱ ቦርሳዋን አነሣችና ወጣች። ሚኒባስ ተሳፍራ ወደ ከተማዋ ተመለሰች፤ ከመናኸሪያው በቀጥታ ገበያ ገብታ የውብአንቺን እናት አፈላልጋ አገኘቻት። ወይዘሮ ዝማም ሽንኩርት እየመደበች ነበር።

«ልጅሽ ደኅና ናት?» አለች ስንዱ።

ዝማም ቀና ብላ አየቻት፤ ቆየችና አወቀቻት።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ እድገት ነው ያልሻት?» አለች። «እኔም እድገት ከሆነ ብዬ ውኃ አስቀዳኋት። አልችልም ስትለኝ ስንፍና መስሎኝ ተቆጣኋት። አሁን ትምህርቱንም ትታለች፤ ጋደም ስትል አየሩ ስለሚያጥራት ግድግዳ ተደግፋ ነው የምትተኛው። የተማረ ይግደለኝ ሲባል እሰማ ነበር፤ ለካ እውነታቸውን ነው!»

ስንዱ ብዙ ማለት ትችል ነበር፤ ሥራ እንደሚበዛባት፣ እድገትም በእርግጥ አጥንት እንደሚያሳምም። ሁሉንም ተወችው።

«እኔ ነኝ ያልኳት። ሳላያት ነው ያልኩት። አሁን ልያት፤ ፍቀጂልኝ» አለች።

ዝማም መደቧን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ተነሣች። ቤት ሲደርሱ ስንዱ የልብ ማዳመጫዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ልጅቷ ደረት ላይ አደረገች። በአንዱ ምትና በሌላው መካከል በስንጥቅ በር እንደሚገባ ነፋስ ያለ ድምፅ ሰማች። ባጃጅ ጠርተው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይዘዋት ሄዱ።

ሐኪሙ ልጅቷን መርምሮ ሲጨርስ ደም የሚያሳልፈው የልቧ አንደኛው በር መጎዳቱን ነገራቸው። የተጎዳው አይመለስም፤ ግን በየወሩ መርፌ ከተወጋች እንዳይብስ ማድረግ ይቻላል። ትማራለች፤ ከባድ አትሸከምም። ከዚያም ወደ እናትየው ዞሮ፣

«ጉሮሮዋን ባመማት ጊዜ በደንብ ታክማ ቢሆን እዚህ ባልደረሰች ነበር» አለ።

ዝማም አንገቷን ደፋች። ስንዱ በመካከላቸው ገባችና፣ «ለእሷ አይንገሯት፤ ለእኔ ይንገሩኝ። መጀመሪያ የመጣችው እኔ ዘንድ ነው» አለች። ዝማምም ከዚያ ወዲያ ስንዱን አልሰደበቻትም።

ስንዱ ትምህርቷን አልተወችም። በየመንፈቁ የምትወስደውን ኮርስ ግን ቀነሰችና መጽሐፎቿን ከክሊኒኩ አወጣች። በሩንም ወለል አድርጋ ከፈተችው። ከዚያ በየክፍሉ እየዞረች ጉሮሮ ማየት ጀመረች፤ ልጆቹ «አ በሉ» ስትላቸው እየሳቁ አፋቸውን ይከፍታሉ። አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ጉሮሮው ቆስሎ አገኘችው፤ ወዲያው ታከመና ዳነ። ልቡ ድረስ የወረደ ነገር አልነበረም። ይህን ማንም አላወራውም፤ ያልደረሰ በሽታ ወሬ አይሆንም።

አብረዋት የጀመሩት ተመርቀው እርከናቸው ሲስተካከል እሷ ገና ትማር ነበር። አቶ ደርበው «ምነው ወደ ኋላ ቀረሽ?» ቢሏት «እያየሁ ስለምሄድ ነው» አለቻቸው። በመጨረሻ ተመረቀች፤ ደመወዟም ከፍ አለ፤ ልጆቿም ተጠቀሙ።

ውብአንቺ ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ፣ አንድ ቀን መርፌዋን ልትወጋ ጤና ጣቢያ አብረው እየሄዱ ሳሉ፣

«ሲስተር፣ ያኔ የመጣሁ ጊዜ በሽታውን ያውቁት ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

ስንዱ ወደ ልጅቷ ዞረች።

«አውቀው ነበር» አለች። «ግን ለፈተናው ነበር የማውቀው።»

ልጅቷ ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ እርምጃዋን ግን ከስንዱ እርምጃ ጋር አስተካክላ ቀጠለች።

ወገኖቼ፣ ለደመወዝ ብሎ መማር ነውር አይደለም። ልጆች ያሉት ሰው እንጀራውን ለማስፋት ቢደክም ይመሰገናል። የስንዱ ጥፋት ሌላ ነው፤ የተማረችውን ቅዳሜና እሁድ ክፍል ውስጥ እየተወች ሰኞ ባዶ እጇን ሥራ ትገባ ነበር። እውቀት ወረቀት ላይ ሲሰፍር ለባለቤቱ ማዕረግ ያመጣል፤ ሰውን የሚያድነው ግን ቀና ብሎ ያየ ሰው ሲይዘው ነው። በጊዜው ያልታየ ደግሞ በኋላ ቢታይም ሙሉ በሙሉ አይጠገንም።

አንተም አንቺም የምታውቁት ብዙ ነገር አለ፤ መምህር ብትሆኑ፣ ዳኛ ብትሆኑ፣ ወላጅ ብትሆኑ። ከዚያ ሁሉ እውቀት ዛሬ ፊታችሁ ለቆመው ሰው የደረሰው የትኛው ነው?