ገመዱ አንድ ስንዝር ጎደለኝ አለ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ። በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም። በግ አለ፣ ብርድ ልብስ አለ፣ አዲስ ራውተርም አለ፤ ራውተሩ ደግሞ በእልኸኝነት ከበጉ ይብሳል።

ደብረ ብርሃን ከተማ፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ትርንጎ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ትርንጎ የፈለገችው አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነው፤ ለእህቷ ልጅ ስም ማውጣት። ይህ ምን ያስቸግራል፣ ስልክ ደውሎ መናገር ነው ትሉ ይሆናል። ነገር ግን የእህቷ የሙዳይ ጆሮ አይሰማም። ሙዳይ በልጅነቷ ታማ መስማት ስታቆም፣ በእጅ ማውራትን የፈጠረችላት ትርንጎ ናት። ስሟን እንኳ ስትጠራት የሙዳይ ክዳን እንደምትከፍት ሆና መዳፏን ብድግ ታደርግ ነበር። ሙዳይ አድጋ፣ ተምራ፣ አርባ ምንጭ ተዳረች፤ ሴት ልጅም ወለደች። በወለደች ማግስት ለእህቷ መልእክት ላከች። ስሙን ጽፈሽ እንዳትልኪልኝ፣ የተጻፈ ስም ለቀበሌ ነው፣ እኔ ከእጅሽ ላይ ነው ማየት የምፈልገው አለቻት።

የክርስትናው ቀን ደረሰ። ትርንጎ እግሯ ተሰብሮ ከጄሶ የወጣችው በቅርቡ ስለሆነ ያን ሁሉ መንገድ መሄድ አልቻለችም። እንግዶቹ አስር ሰዓት ላይ ይቀመጣሉ፤ ያኔ የልጅቷ የቤት ስም ይነገራል። የሙዳይ አማት ወይዘሮ ማንያህልሻል ግን እንግዳ አስቀምጬ ከደብረ ብርሃን ስም የምጠብቅ ሴት አይደለሁም ብላለች። እሷም የራሷን ስም አዘጋጅታ ተቀምጣለች፤ «ይቃጠሉ»። በአጥር ለተጣላቻት ጎረቤቷ መልስ እንዲሆን ነው። ሰው እንዴት የልጅ ልጁን «ይቃጠሉ» ብሎ ይጠራል? ይጠራል እንጂ፤ ባገራችን በልጅ ስም ጎረቤቱን ያልወጋ ማን አለ? ልጅቷ ግን ያልተጣላችውን ጠብ ዕድሜ ልኳን ተሸክማ ልትኖር ነው።

ትርንጎ ቀደም ብላ በስልኳ ኢንተርኔት ሞክራው ነበር። ምስሉ መሀል ላይ ድርቅ ይላል፤ እጅ ወደ ላይ ሊወጣ ሲል እዚያው ይቀራል። ግማሽ እጅ ደግሞ ሌላ ቃል ነው። የቤቷ ኢንተርኔት ጎበዝ ነበር፤ ነገር ግን መብራት ሄዶ ሲመለስ አሮጌውን ራውተር ከነመብራት ማከፋፈያው አቃጠለው። ስለዚህ አዲስ ራውተር ገዛች። ሻጩም ገመዱን ሰኪ፣ ቀይ መብራት ካየሽ አልተገናኘም፣ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ እጅሽን ሰብስቢ ብሎ ሸኛት።

ያን ቀን ከማለዳ ጀምሮ ልቧ አልረጋም። ግድግዳው ፊት ተቀምጣ ስሙን በእጇ ደጋገመችው። ስሙን ለማንም አልነገረችም፤ እኔም አሁን አልነግራችሁም። ምሳዋን እንኳ በወጉ ሳትበላ ካርቶኑን ከፍታ ራውተሩን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው፤ መብራት ላይ ስትሰካው ቀይ ዓይኑን አፈጠጠባት። ገመድ እስኪሰካልኝ አልበራም ማለቱ ነው። ወደ መስኮቱ ሄዳ የኢንተርኔቱን ገመድ ይዛ ሳበችው። ገመዱ መጣ፣ መጣ፣ መጣና ቆመ።

«አንድ ስንዝር ጎደለኝ» አለ ገመዱ።

ራውተሩን ወደ ገመዱ እንዳታስጠጋው የመብራቱ ሽቦ አጭር ነው፤ ማከፋፈያው ደግሞ ተቃጥሏል። ገመዱ አይደርስ፣ ራውተሩ አይበራ፣ ስልኩ እጅ አያሳይ፣ ልጅቷም ስም የላት።

ገመዱ ትናንት እየደረሰ ዛሬ ምን ነካው ብላ ከዘራዋን ይዛ ወጣች። ገመዱ ከመንገዱ ምሰሶ ተነስቶ፣ በግቢው ላይ አልፎ፣ በእሷ መስኮት ነው የሚገባው። ቀና ስትል መሀሉ ላይ አንድ ብርድ ልብስ ተንጋሎበት አየች። የደብረ ብርሃንን ብርድ ልብስ ታውቁታላችሁ፤ ደረቁ አንድ ሰው ያሞቃል፣ እርጥቡ ሁለት ሰው ያጎብጣል። ገመዱን ቁልቁል ለጥጦ፣ ጫፉን በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ስቦት ነበር። የብርድ ልብሱ ባለቤት፣ ጎረቤቷ እትዬ ወርቅያንሱ፣ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ያዩታል። ትርንጎ ምነው እትዬ፣ ይሄ እኮ የልብስ ማስጫ አይደለም ስትላቸው፣ አዛውንቷ አላፈሩም። ያን የሚያህል ገመድ ባዶውን ተዘርግቶ ሳየው አሳዘነኝ አሉ። አውርዱልኝ ብትላቸው ደግሞ መሬቱ ጭቃ ነው፣ የምለብሰውም እሱን ብቻ ነው፣ በዚህ ብርድ ማታ ምን ልሁን አሉ። የልብስ ማስጫው ሲባጎ ይመለስልኝና አሁኑኑ አወርደዋለሁ አሏት።

ብርድ ልብሱ አይወርድ፣ ገመዱ አይደርስ፣ ራውተሩ አይበራ፣ ስልኩ እጅ አያሳይ፣ ልጅቷም ስም የላት።

ሲባጎው የት ሄደ? ትርንጎ እያነከሰች ግቢውን ዞረች፤ ከቧንቧው አጠገብ አገኘችው። አንደኛው ጫፉ ቧንቧው ላይ ታስሯል፤ ሌላኛው ጫፍ የበግ አንገት ላይ። በጉ ለበዓል የተገዛ የጋሽ ቢተው በግ ነው። ጋሽ ቢተው ዕድሜያቸውን በሾፌርነት የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ግን በርጩማ ላይ ተቀምጠው በግ ይጠብቃሉ። ሲባጎውን ስትጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። የግቢው በር አይዘጋም፣ አስፋልቱ እዚያ ነው፣ ይሄ በግ አንዴ አምልጦ መናኸሪያ ድረስ አስሩጦኛል አሉ። በሩን ድንጋይ እናስደግፈዋ ብትላቸው ነፋሱ ሁለቴ ገፍቶ ከፍቶታል አሉ። በጉም እንደ መስማማት «ባ» አለ።

በሩ አይዘጋ፣ በጉ አይፈታ፣ ሲባጎው አይመለስ፣ ብርድ ልብሱ አይወርድ፣ ገመዱ አይደርስ፣ ራውተሩ አይበራ፣ ስልኩ እጅ አያሳይ፣ ልጅቷም ስም የላት።

ትርንጎ ወደ በሩ ሄደች። ልቧ እንደ ስፌት መኪናዋ ይመታል። እንደ መናደድም፣ እንደ መሳቅም አደረጋት። በሩ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይከፈታል፤ ይዘጋል፤ እንደገና ይከፈታል። መቀርቀሪያ የለኝም፣ እኔ ምን ላድርግ የሚል ይመስላል። መቀርቀሪያው ተሰብሮ ከበሩ ማዶ ወዳለው በያጅ ወደ ተካልኝ ተወስዷል።

ተሻግራ ሄደች። መብራት አለ፣ ማሽኑ አለ፣ መቀርቀሪያውም ለሁለት ተከፍሎ ጠረጴዛው ላይ አለ። ተካልኝ ግን እጁን አጣምሮ ቁጭ ብሏል። ምን ሆነህ ነው ስትለው ጓንቱን አንስቶ አሳያት። አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ትናንት በቀዳዳው በኩል ጣቱን ብረት ጠብሶት፣ ሚስቱ በዚህ ጓንት የጋለ ብረት ብትነካ ብላ አስምላዋለች። መሐላዬን አላፈርስም፣ አዲስ ጓንትም በገበያው አላገኘሁም አላት።

በሉ እንግዲህ፣ ትንፋሻችሁን ሰብስባችሁ ከእኔ ጋር በሉ። ጓንቱ አይሰፋ፣ መቀርቀሪያው አይበየድ፣ በሩ አይዘጋ፣ በጉ አይፈታ፣ ሲባጎው አይመለስ፣ ብርድ ልብሱ አይወርድ፣ ገመዱ አይደርስ፣ ራውተሩ አይበራ፣ ስልኩ እጅ አያሳይ፣ ልጅቷም ስም የላት።

ትርንጎ ጓንቱን ተቀብላ አገላበጠችው። በስፌቱ ላይ ነው የተተረተረው፤ ቆዳው ደህና ነው።

«ተካልኝ፣ እኔ ጎረቤትህ ልብስ ሰፊ አይደለሁም እንዴ? ለምን አላመጣህልኝም?»

«መጥቼ ነበር እኮ እትዬ ትርንጎ» አለ ተካልኝ እያፈረ። «ጠዋት በርሽ ላይ ደርሼ ነበር። ከግድግዳው ጋር በእጅሽ ስታወሪ አየሁሽና፣ ጸሎት መስሎኝ ተመለስኩ።»

ትርንጎ ሳቋ መጣ፤ ሳቋ መጥቶ ከዘራዋን አስጣላት። ያን ሁሉ የዞረችው፣ ብርድ ልብሱን ብላ፣ በጉን ብላ፣ በሩን ብላ፣ ነገሩ ለካ ከማለዳው ከእሷው ደጅ ነው የተመለሰው። ልብስ ሰፊ ያለ መርፌ አትወጣምና ከኮሌታዋ ላይ ወፍራሙን መርፌ ነቀለች። ተካልኝ የጫማ ክር ፈልጎ ሰጣት። እዚያው ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እየሳቀች፣ አውራ ጣቱን ደርባ ሰፋችው፤ ክሩንም በጥርሷ በጠሰችው።

ከዚያ ወዲያማ ማን ይያዘው! ጓንቱ ተሰፋ፣ መቀርቀሪያው ተበየደ። ተካልኝ ራሱ ይዞት መጥቶ በሩ ላይ ገጠመው፣ በሩም ተዘጋ። በሩ ሲዘጋ በጉ ተፈታ፤ በጉ እንደ ልማዱ ወደ አስፋልቱ ተወረወረና ከተዘጋው በር ጋር ግንባር ለግንባር ተገናኘ። ጋሽ ቢተው በጣም ደስ አላቸው። ሲባጎው ተመለሰ፣ ተወጠረም። ትርንጎና እትዬ ወርቅያንሱ ብርድ ልብሱን በሁለት ጫፍ ይዘው አወረዱት። ገመዱ ሸክም እንደወረደለት አህያ ብድግ አለ። ትርንጎ ከዘራዋን ግቢው ውስጥ ረስታ ወደ ቤት ገባች፤ ገመዱን ሳበችው። ስንዝሯን መለሰላት፤ የጥፍር ያህልም ጨመረላት። ሰካችው።

ራውተሩ ግን ቀይ እንደሆነ ቀረ።

አስር ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ግቢው በሙሉ በራፏ ላይ ተደርድሯል። እትዬ ወርቅያንሱ አጥፊና አብሪው፣ ወይም አንድ ጊዜ በጥፊ በይው አሏት። ትርንጎ ጣቶቿ ወደ ራውተሩ ሲሄዱ አየቻቸው። የሻጩ ነገር ትዝ አላትና ሁለቱን እጆቿን ከስሯ ከትታ ተቀመጠችባቸው። ጋሽ ቢተው ደግሞ ሞተር እስኪሞቅ አይነካም፣ ተዉአት አሉ። ቀዩ ብልጭ አለ። ጠፋ። ቢጫ ሆነ። ጠፋ። ሁሉም ሰው አንገቱን አሰገገ፤ ከኋላቸው የቆመው በግ እንኳ አሰገገ። ከዚያ አረንጓዴ መብራት በራና አልጠፋም።

ራውተሩ በራ፣ ስልኩም አሳየ። የሙዳይ ፊት ጥርት ብሎ ወጣ። ሙዳይ ልጅቷን ጉልበቷ ላይ አቅፋ፣ ዓይኗን ከስልኩ ላይ ሳትነቅል ስትጠብቅ ነበር። ከኋላዋ እንግዶቹ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ማንያህልሻል ነጠላዋን አስተካክላ ቆማለች፤ አፏን ከፍታ «ይ» ልትል ነው።

ትርንጎ እጆቿን ከስሯ አወጣች። መጀመሪያ የሙዳይን ክዳን ከፈተች፤ እህቴ ማለቷ ነው። ከዚያ ቀኝ እጇን ጨብጣ ደረቷ ላይ አደረገች፣ ቀስ ብላ ወደ ላይ አነሳችው፣ እላይ ሲደርስ ጣቶቿን አንድ ባንድ ዘረጋቻቸው። ጨለማ ቤት ውስጥ ኩራዝ ሲለኮስ ማለት ነው። እጇ መሀል ላይ አልደረቀም፤ ሙሉው ደረሰ። ሙዳይ አየችው፤ እንባዋ ወረደ። እሷም እጇን ጨብጣ አንስታ በልጇ ፊት ዘረጋችው። ሕፃኗ ከተዘረጉት ጣቶች አንዱን ይዛ አልለቅም አለች።

የሙዳይ ባል ወደ እንግዶቹ ዞሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነገራቸው።

«ስሟ ፋና ነው።»

እልልታው በስልኩ በኩል ደብረ ብርሃን ገባ። ወይዘሮ ማንያህልሻል ያዘጋጀችው ስም አፏ ውስጥ ቀረ። ሁሉም እሷን አየ። ልጇ ሙዳይን ካገባ ጀምሮ ምራቷን አንዲት ቃል በእጅ አውርታት አታውቅም፤ የምትፈልገውን በልጇ በኩል ታስነግራት ነበር። አሁን ጎንበስ ብላ ልጅቷን አየቻት፤ ያችን የተያዘች ጣትም አየች። ቀጥሎ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

«እጁን ደግሚልኝ እስቲ፣ ትርንጎ» አለች። «እኔም ልጠራት።»

ትርንጎ ደገመችላት። አሮጊቷ ጨበጠች፣ አነሳች፣ ጣቶቿን ዘረጋች፤ ትንሽ ጠማማ ነበር። ሙዳይ የአማቷን እጅ ይዛ አቃናችላት።

ጓንቱ ስለተሰፋ መቀርቀሪያው ተበየደ፣ በሩ ተዘጋ፣ በጉ ተፈታ፣ ሲባጎው ተመለሰ፣ ብርድ ልብሱ ወረደ፣ ገመዱ ደረሰ፣ ራውተሩ በራ፣ ስልኩ እጅ አሳየ፣ ልጅቷም ስም አገኘች፤ ሙዳይም አማት አገኘች።

ተረቴን መልሱልኝ። አፌን በዳቦ አብሱ አልላችሁም፤ ብርድ ልብሳችሁን ብቻ ከገመዴ ላይ አንሱልኝ።