«ይቅር» የማይባልባት ደሴት

ልጄ ትርንጎ ማክሰኞ ሞተች። አራት ዓመቷ ነበር።

እኛ በምንኖርባት በአንጓ ደሴት «ይቅር» የሚል ቃል የለም። የጠገበ ሰው «በቃኝ» ይላል፤ ጉዞውን የሰረዘ «ይተው» ይላል፤ የተጣሉ ሰዎች ሲታረቁም ሽማግሌው «ይለፍ» ያሰኛቸዋል እንጂ በሌላ አገር የሚባለውን አያሰኛቸውም። ከማዶ የመጣ እንግዳ ሳያውቅ ቃሉን ቢናገር፣ የሰማው ሁሉ ፊቱን ወደ ውኃው ያዞራል። ለምን ብሎ የጠየቀ ብዙ ነው። ሽማግሌዎች የሚመልሱት እንዲህ ነው።

ጣልያን ከመምጣቱ በፊት አንጓ ሹም አልነበራትም ይባላል። ሰባት ሽማግሌዎች ወደቡ አጠገብ ካለው ሾላ ሥር በሰባት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይዳኙ ነበር። ሰባቱም «ይሁን» ካላሉ ነገር አይጸናም። ጣልያን ማዶ ላይ ሰፈሩን ከሠራ በኋላ ግን አንድ ሻምበል በሞተር ጀልባ እየተሻገረ ሹም ልሹምላችሁ ይል ጀመር። የመጀመሪያውን ሰው ሾመው፤ ሰውየው አልፈልግም ቢል ሕዝብ እያየ አስገረፈው። ሁለተኛውን ሾመው፤ እሱ ሹመቱን ተቀበለና የገዛ ጎረቤቶቹን አስገረፈ። በሁለት ዓመት ውስጥ ጀርባው ጠባሳ የሌለው ወንድ በደሴቷ አልነበረም ይባላል።

በሦስተኛው ዓመት ሰባቱ ሽማግሌዎች ሻምበሉን ከሾላው ሥር ጠብቀው ለመኑት። የሚናገርላቸው አሻግሬ የሚባል ታንኳ ቀዛፊ ነበር፤ ከሰባቱ በዕድሜ ትንሹ እሱ ነው። ስድስት ዓመት የሆነው ልጁ ቢሻው የጋቢውን ጫፍ ይዞ ከጎኑ ቆሟል።

«ጌታዬ፣ ዓሣውንም ደንገሉንም ውሰድ» አለ አሻግሬ። «ዳኝነቱን ብቻ ለእኛ ተውልን።»

አስተርጓሚው ይህን ሲነግረው ሻምበሉ ሳቀ። «ያለ ሹም የሚኖር ምን አለ?» አለ።

ከሽማግሌዎቹ ሁሉ የሚበልጠው አያ ደምለው ቀልደኛ ሰው ነበርና «ዓሣውስ ቢሆን ሹም የለው፤ ይኸው አንተን ያጠግብ የለ?» አለው።

አስተርጓሚው ይህንንም ተረጎመ። ያን ጊዜ ሻምበሉ መሳቁን ተወ። እንደሚነገረው ወረቀትና ማኅተም ከቦርሳው አወጣና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፤ ወታደሮቹንም አዘዛቸው። ወታደሮቹ ቢሻውን ከአባቱ ጋቢ አላቅቀው፣ ወደቡ ላይ ታስሮ ያገኙት አንድ ታንኳ ላይ አስቀመጡት፤ በሞተር ጀልባ ጎትተውም ጥልቁ ላይ ለቀውት ተመለሱ።

«ያለ ሹም ተዳኙ የሚለውን ወረቀት የሚፈልግ ሕዝብ ዋጋውን ይቻል» አለ ሻምበሉ። «ልጁ ፀሐይ እስክትጠልቅ እዚያ ይቆያል። ሰባታችሁም ከተስማማችሁ እፈርማለሁ። አንዱ እንኳ እንቢ ካለ ልጁን አሁኑኑ አመጣዋለሁ፤ ሹሙም በሹመቱ ይጸናል።»

ሻምበሉ ታንኳ ሁልጊዜ የሚንሳፈፍ ነገር ይመስለው ነበር ይባላል። ልጁን ለማስፈራራት ያህል እንጂ ለመግደል አላሰበም የሚሉ አሉ። ደሴተኞቹ ግን ያውቃሉ። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ውኃ ይጠጣል። በየቀኑ ከውኃ ካልተነሣና ፀሐይ ላይ ቆሞ ካልደረቀ ይከብዳል፤ ከከበደም ይሰምጣል። ያ ታንኳ ስምንት ቀን ሳይነሣ ወደቡ ላይ ውሎ ያደረ ነበር። እንኳን እስከ ምሽት፣ እስከ ተሲያትም አይደርስም።

ልጁ በመጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር ይባላል። ብቻውን ታንኳ ላይ ወጥቶ አያውቅም። እጁን ያውለበልብላቸው ነበር።

አስተርጓሚው ከትልቁ ጀምሮ ጠየቀ። አያ ደምለው መሬት መሬት እያየ «ይሁን» አለ። ሁለተኛው «ይሁን» አለ። ስድስቱም አሉ። ተራው አሻግሬ ዘንድ ሲደርስ አስተርጓሚው «አንተስ? ወረቀቱ ወይስ ልጁ?» አለው።

አሻግሬ ውኃውን እያየ «ይቅር!» አለ። ትንፋሹ አጠረው። «ይቅር! ይቅር!»

ወረቀቱ ይቅር ማለቱ ነበር። አስተርጓሚው ግን አማርኛን በጉልምስናው የለመደ የሩቅ አገር ሰው ነው፤ የሚቀረው ልጁ መሰለው። ወደ ሻምበሉ ዞረና «ልጁ እዚያው ይቅር ይላል» ብሎ በቋንቋቸው ነገረው። አሻግሬ ወደ ውኃው ሲሮጥ ወታደሩ በሰደፍ አፉን መታው፤ ጥርሱ ረገፈ፤ ከዚያ በኋላ ሊናገር የፈለገውን የሚለይለት አልነበረም።

ስድስቱ ሽማግሌዎች ግን አማርኛ ያውቁ ነበር። አሻግሬ ያለውን ሰምተዋል። አያ ደምለው አፉን ከፍቶ ነበር ይባላል፤ ሻምበሉ እስክሪብቶውን ሲያነሣ አየና መልሶ ዘጋው። ከዚያ ስድስቱም ፊታቸውን ወደ ውኃው አዞሩ።

ሻምበሉ ፈረመ። «እንዲህ ያለ አባት ያለበትን አገር እኔ ልገዛው አልችልም» ብሎ ማኅተሙን መታበት። አንጓ በሰባት ሽማግሌዎቿ ትዳኝ፣ ሹም አይሾምባት፣ ወታደር አይደርባት ይላል ወረቀቱ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሞተር ጀልባው ልጁን ሊያመጣ ሲሄድ ውኃው ላይ ጥቂት የደንገል ቅጠል ብቻ አገኘ።

በአርባው ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ተሸክመው አሻግሬ ደጅ ወደቁና «ይቅር በለን» አሉት። አሻግሬ በተሰበረ አፉ «መጀመሪያ ያችን ቃል ከደሴቱ አውጡልኝ» አላቸው። ከሕፃን እስከ ሽማግሌ እንዳይናገራት በግዝት አወጡለት። ተመልሰው ሲመጡ ግን የሚለምኑበት ቃል አጡ። ደጁ ላይ ቆመው ዋሉና ወደየቤታቸው ሄዱ። አሻግሬ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ኖረ፤ ሰባተኛው ድንጋይ ላይ ግን አልተቀመጠም።

ቃሉ የተተወው ለልጁ ክብር ነው የሚሉ አሉ። አባቴ «ክብር አይደለም፤ ነውር ነው» ይለኝ ነበር።

ጣልያን ሄደ። አንጓ ዛሬም በሽማግሌዎቿ ትዳኛለች፤ ሰባተኛው ድንጋይ ባዶ ነው። እርጥብ ታንኳም ውኃ ላይ አያድርም፤ እየተጎተተ ወጥቶ ሾላው ላይ ተደግፎ ይቆማል።

ሰኞ ጠዋት የታመመችውን ትርንጎን ማዶ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሊያሻግርልን ቀዛፊው ጓንጉል ታንኳውን ይዞ መጥቶ ነበር። ነፋስ ነበር። «ዛሬ ይተው፤ ነገ እንሻገር» አልኩት። ቃሉን አላልኩም። ጓንጉል ልጅቷን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ «እንዳልክ» አለኝ።

ማክሰኞ ከቀብር ስንመለስ ወደቡ ላይ ጠበቀኝ። «ነፋሱ ቀትር ላይ እንደሚወድቅ አውቄ ነበር» አለኝ። «አባቷ አንተ ነህ ብዬ ዝም አልኩ። ይለፍ በለኝ፣ ወንድምዬ።»

«ይቅር» አልኩት።

ፊቱን ወደ ውኃው አዞረ። ምሬሃለሁ ማለቴ ይሁን ምሕረቱ ይቅርብህ ማለቴ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። እየተደናበረ ወደ ቤቱ ሄደ። ታንኳው ውኃው ላይ ቀርቶ ነበር። ጎትቼ አወጣሁትና ሾላው ላይ አቆምኩት።