ከዳዊቱ ራስጌ የተቀመጠው

አንድ ቀጸላ የሚባል ቁም ጸሐፊ ነበር። በዘመኑ በብራና ላይ ፊደል በማሳመር የሚወዳደረው አልነበረም። ይህን የሰሙት ንጉሥ አዲስ ላሠሩት ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ እንዲጽፍ አዘዙት። ቀጸላ ብራናውን ራሱ ፍቆ፣ ቀለሙን ራሱ በጥብጦ ሦስት ዓመት ጻፈ። ሲጨርስም እንደ ወጉ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ስሙን በቀይ ቀለም አኖረ።

መጽሐፉ ግን ንጉሡ ፊት ከመቅረቡ በፊት በግምጃ ቤቱ ሹም እጅ አለፈ። ሹሙ ደግሞ ማዕረግ የሚፈልግለት የእህት ልጅ ነበረው። የቀጸላ ስም በቢላዋ ተፋቀ፤ የእህቱ ልጅ ስም ገባ። ንጉሡ የሸለሙት ካባም ሹመትም ለእሱ ሆነ። ቀጸላ አቤት ቢል «ስምህ የታለ?» ተባለ። ብራና ሲፋቅ ይሳሳል። ገጹን ወደ ፀሐይ ያነሣ ሰው ቢኖር ኖሮ እውነቱ ወለል ብሎ በታየ ነበር። ያነሣ ግን አልተገኘም።

ቀጸላ ወደ ተወለደበት መንደር ተመለሰ። ብርዑን ጣራ ሥር ሻጠ፤ የቀለም ቀንዱን ደፋ። ሰባት ዓመት ሲያርስ፣ እርፍ በጨበጠ ቁጥር የሚታየው ያ ቢላዋ ነበር። ገበታ ላይ ሳይቀር የሹሙን ነገር ያነሣል። ሚስቱ አንጓች አንድ ቀን መረራትና «ሰውየው እኮ ግምጃ ቤቱ ተቀምጧል። እዚህ አምጥተህ ከእኛ ጋር ምሳ የምታበላው አንተ ነህ» አለችው።

ከዕለታት አንድ ቀን ፊደል ያስቆጠሩት የኔታ፣ በእርጅና ጎብጠው፣ በምርኩዝ እየተደገፉ መጡ። ከብብታቸው ጠርዟ የተበላ ዳዊት አወጡ።

«ቀጸላ፣ ይቺ ዳዊት ደከመች። ምትክ ጻፍላት።»

«መጻፍ ትቻለሁ፣ የኔታ።»

«ለምን?»

«ለማን ብዬ? ፍቀው የሌላ ሰው ስም ሊያስገቡበት?»

የኔታ ዳዊቷን ወደ ራሳቸው አዙረው በመካከላቸው ገለጧትና «ዓይኔ ደክሟል፤ እስቲ ከዚህ አንብብልኝ» አሉት። ቀጸላ ካለበት ሳይነሣ፣ መጽሐፉንም ሳያዞር መዝሙሩን እንደ ውሃ ተወጣው። የኔታ ሳቅ አፈናቸው።

«ምነው፣ ተሳሳትኩ?»

«አልተሳሳትክም። ገልብጠህ እኮ ነው ያነበብከው! ይሄ አመልህ እስከ ዛሬ አለ?»

ቀጸላ ገጹን አየ። እውነትም ፊደሉ ሁሉ ቁልቁል ተዘቅዝቋል። ያን ጊዜ የልጅነቱ ጠዋት ፊቱ ድቅን አለ፦ የወይራው ጥላ፣ እግር የሚያረጥበው ጤዛ፣ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርመው የልጆች ድምፅ። በመንደሩ ያለችው ዳዊት አንዲት ብቻ ነበረች፤ ስድስት ልጆች ይከቧታል። ቀድሞ የደረሰ በግርጌዋ በኩል ተቀምጦ ፊደሉን በቀና ያያል። የቀጸላ ቤት ከወንዝ ማዶ ስለነበር ሁልጊዜ የሚተርፈው ራስጌው ነው። እዚያው ሆኖ ተገልብጦ ለመደ። አንድ ቀን የኔታ መጽሐፉን አቅንተው ቢሰጡት አንዲት ቃል ማንበብ አቃተው። ልጆቹ «ዳዊቷ ሰከረችበት!» እያሉ ተንከተከቱ።

«ያን ቀን እያለቀስክ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?» አሉ የኔታ።

ቀጸላ በቀስታ «ሳድግ ለሁሉም እጽፋለሁ፤ ራስጌ የሚቀመጥ ልጅ አይኖርም» አለ።

«ይህን ስትናገር ንጉሥ አላዘዘህም፤ ካባም አላየህም። ራስጌው ደግሞ ዛሬም ባዶ አይደለም፤ ልጅ ተቀምጦበታል።»

ቀጸላ ተነሥቶ ጣራውን መዳበስ ጀመረ። አንጓች ከጓዳ ሆና «ሸረሪት አድርታበታለች፤ እንዳትሰብረው ቀስ ብለህ አውጣው» አለች።

ከዚያች ቀን በኋላ እስኪሸብት ጻፈ። አንድ ዳዊት ሲያልቅ ሌላውን ይጀምራል፤ በአንዱም ላይ ስሙን አላኖረም። የሹሙ የእህት ልጅ ካባውን እንደ ለበሰ፣ እንደ ተከበረ ሞተ። ፍርዱ ዘገየ እንዳልል ጭራሽ አልመጣም። ቂሙም ከቀጸላ ልብ ወጣ ማለት ውሸት ነው፤ አንዳንድ ጠዋት ይነዝረው ነበር። ብርዑ ግን አልቆመም።

በስተርጅናው አንድ ቀን ከወይራው ሥር ሄዶ ከአንድ ልጅ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ልጁ የራሱን ዳዊት ታቅፎ ከአንዲት ቃል ጋር ይታገላል። ቀጸላ ካለበት ሆኖ አነበበለት።

«አባባ፣ እንዴት ገልብጠው አነበቡት?»

«ድሮ፣ ልጄ፣ ዳዊቷ አንድ ነበረች፤ እኛ ስድስት።»

«ኧረ ይቀልዳሉ!» አለና ልጁ ሳቀ። አላመነውም። ቀጸላም በሕይወቱ ያን ሳቅ የሚያህል ሹመት አልተቀበለም።

ወዳጄ፣ የምትደክምለት ምክንያት በሰው ምስጋና ላይ ከተጻፈ ቢላዋ የያዘ ሁሉ ይፍቀዋል። ከራስህ ጉድለት ተነሥቶ ለሌላው የቆረጥከው ዓላማ ግን ሹም አይደርስበትም። ስምህ ተፍቆ እጅህን አጣጥፈህ እንደሆነ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ መጀመሪያ ስትነሣ የተቀመጥከው ከመጽሐፉ በየትኛው በኩል ነበር? ዛሬስ በዚያ ቦታ ማን ተቀምጧል?