ያልጠራው «ኢንሻአላህ»

በአንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ስሟ ይቅርብንና፣ ከጁሙዓው መስጂድ ግድግዳ ሥር ካሜራ የሚሸጡ ሐጂ ሙዘሚል የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። በፊልም ዘመን የጀመሩ ናቸው። «ሐጂ የማያውቁት ካሜራ የለም» ይላል ሰው፤ እሳቸውም ይህ ሲባልላቸው ደስ ይላቸዋል። ሰው አይደሉ እንዴ!

አንድ ሐሙስ ሙንተሃ የምትባል ወጣት አሮጌ ዲጂታል ካሜራ ይዛ መጣች። በማግስቱ በአንድ የኒካህ ሠርግ ላይ የሴቶቹን ወገን ፎቶ ልታነሳ ተቀጥራለች፤ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። ዓይኗ ደከም ስለሚል ሌንስ በእጅ እያዞሩ ፎከስ ማድረግ አይሆንላትም። ይህ ከተበላሸባት ደግሞ ሁለተኛ የሚጠራት የለም።

ሐጂ ከመደርደሪያው አንድ ሌንስ አውርደው ካሜራው ላይ አዞሩት። ቀጭ ብሎ ገጠመ።

«ራሱ ፎከስ ያደርጋል አይደል፣ ሐጂ?»

ሐጂ መነጽራቸውን አስተካክለው ሌንሱን አገላበጡት። ዙሪያውን የፈረንጅ ፊደልና ቁጥር ተደበላልቆ ተጽፎበታል። ወዲህ ቢያዞሩት አልገባቸው፣ ወዲያ ቢያዞሩት አልገባቸው። ድሮ ሌንስ ከገጠመ አበቃ ነበር፤ የአሁኑ ምን እንደሚፈልግ እንጃለት! ከኋላ ሌላ ደንበኛ ቆሟል። አላውቅም ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ኢንሻአላህ» አሉ።

የልጅቱ ፊት በራ። «ጀዛኩሙላህ ኸይር!» ብላ ይዛ ሄደች።

ሐጂ ሱቃቸው ውስጥ የዐስርን ሶላት ሲሰግዱ ሦስተኛው ረከዓ ላይ ይሁኑ አራተኛው ላይ ጠፋባቸው። አንድ ጨምረው፣ የመርሳት ሱጁድ አድርገው፣ አሰላምተው ሶላቱን ጨረሱ። «ምን ነካኝ?» አሉ። «ዋሸሁ እንዴ? አልዋሸሁም። እውነት ተናገርኩ እንዴ? እሱንም አልተናገርኩም።» ዱዓ ቢያደርጉም ልባቸው አልረጋ አለ። ሱቁን ዘግተው፣ ሰው እየጠየቁ ወደ ልጅቱ ቤት ገሰገሱ።

ሙንተሃ ደጃፍ ላይ ካሜራውን ታቅፋ ታለቅሳለች። ያነሳችው ሁሉ ጭጋግ ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ሐጂ» አለች ብድግ ብላ። «ስነካካው አበላሸሁት መሰለኝ። እርስዎማ ኢንሻአላህ ብለውኝ ነበር።»

ሐጂ ደነገጡ፤ አፈሩም።

«አስተግፊሩላህ! ምንም አላበላሸሽም፣ ልጄ። እኔ ነኝ የማላውቀውን የሸጥኩልሽ። ነይ እንሂድ።»

አስከትለዋት ወደ ተፎካካሪያቸው ወደ ጃቢር ሱቅ ገቡ። ሱቁ በገበያተኛ ተሞልቷል። ሐጂ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ «ጃቢር፣ ይህን ነገር አላውቀውም፤ ለምን ራሱ ፎከስ እንደማያደርግላት አሳየኝ» አሉ። ጃቢር የሚቀልዱበት መስሎት ግራ ተጋባ። ኋላ ግን ካሜራውን ተቀብሎ አየው።

«ይህ ካሜራ ሌንስ የሚያንቀሳቅስ ሞተር የለውም፣ ሐጂ። የእርስዎም ሌንስ የለውም። መግጠሙን ይገጥማሉ፤ የሚያዞረው ግን የለም። ለእሷ የሚሆናት የራሱ ሞተር ውስጡ ያለ ሌንስ ነው።»

አንዱን አውጥቶ ገጠመላት። ዝዝ አለና የጃቢር ፊት ጥርት ብሎ መጣ። ሙንተሃ ሳቋ አመለጣት። ሐጂ የራሳቸውን ሌንስ ተቀብለው የአዲሱን ዋጋ ለጃቢር ከፈሉ።

ሲወጡ ልጅቱ «ያ ሁሉ ሰው እየሰማ ምነው ሐጂ? ለብቻው ቢጠይቁት ምን ነበረበት?» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ‹አላውቅም› ማለት አሳፍሮኝ በአላህ ስም ተሸሽጌ ነበር» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ወንድሞችና እህቶች፣ ኢንሻአላህ ልናደርገው ቆርጠን የተነሳንበትን ነገር ለባለቤቱ ለአላህ የምናስረክብበት ቃል ነው። እኛ ግን ስንቱን «አልመጣም»፣ ስንቱን «አልሰጥህም»፣ ስንቱን «አላውቅም» ከኋላው ወሸቅነው! ሰሚው ደግሞ ያምነናል። ፎቶው ጭጋግ ሲሆንባት ያቺ ልጅ ሐጂን አልጠረጠረችም፤ ቃሉንም አልጠረጠረችም። የጠረጠረችው ራሷን ነው።